ከውስጥ የተሳለው ጠርሙስ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቅናት የባልና የሚስት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በጠርሙስ የተነሳ፣ ያውም በገዛ ታናሽ እህቴ ላይ፣ ሆድሽ እንዲህ ይቃጠላል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስቄበት እሄድ ነበር።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነው፣ የምሠራው ኤል ሴሪቶ። ጠዋት ጠዋት በሳን ፓብሎ ጎዳና የሚሄደውን አውቶቡስ ይዤ ወደ አንዲት የሰማንያ ስድስት ዓመት ባልቴት ቤት እሄዳለሁ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማብላት፣ ኪኒናቸውን በሰዓቱ መስጠት፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። ስማቸውን ልጠራ ብል አፌ እምቢ አለኝ። እናቴን የምታክል፣ ኧረ እናቴን የምትወልድ ሴት እንዴት ብዬ በስሟ ልጥራ? በመጀመሪያው ቀን "እማማ" አልኳቸው። ምን ማለት ነው ሲሉኝ ነገርኳቸው። ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ኮል ሲያደርጉልኝ እንኳ "እማማ ነኝ" ይሉኝ ጀመር። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

የእማማ ባል መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ፣ አባታቸውም እንደዚያው። መድኃኒት ቤቱ ኦክላንድ መሀል ከተማ ነበር፤ እኔ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ተዘግቷል። ሲዘጋ ሚዛኑንም መደርደሪያውንም ሰው ወሰደው። ጠርሙሶቹን ግን እማማ አልሰጥም ብለው ቤታቸው አስገቧቸው። የምግብ ክፍሉ አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጠርሙስ ነበር። እንደ ማታ ሰማይ ጠቁረው ሰማያዊ የሆኑ ብልቃጦች አሉ። እንደ ወተት የነጡ፣ ሆዳቸው ላይ ጽጌረዳ በእጅ የተሳለባቸው አሉ። የመድኃኒቱ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎ በላዩ ሌላ ስስ መስታወት የተለጠፈባቸው አሉ፤ በጣትሽ ብትነኪው ጽሑፉን ሳይሆን መስታወቱን ነው የምትነኪው። ከሁሉም በላይ፣ በመደርደሪያው ጫፍ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ቆመዋል። መንትያ ናቸው። ቁመታቸው ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይሆናል፣ የቆርቆሮ ክዳን አላቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዘንባባ፣ ዘንባባው ላይ የተጠመጠመ አረንጓዴ እባብ፣ ከሥሩ የወርቅ ጥብጣብ፣ ጥብጣቡ ላይ ጥቁር ፊደል። መስኮቱ ሲከፈት ወርቁ ግድግዳው ላይ ይጫወታል።

በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ሁለቱን በውሃ አርሼ ልወለውል ስል እማማ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም።

"ውስጡን እንዳትነኪ" አሉኝ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው አስረዱኝ። ሥዕሉ የተሳለው ከውጭ አይደለም፣ ከውስጥ ነው። ሠዓሊው ረጅም ቀጭን ብሩሽ በጠርሙሱ አፍ አስገብቶ፣ ፊደሉን በግልባጩ እየጻፈ፣ መጨረሻ መቀባት የነበረበትን መጀመሪያ እየቀባ ይሠራዋል። ጥቁሩ ፊደል ቀድሞ፣ ወርቁና አረንጓዴው ቀጥሎ፣ ከኋላ ነጩ። ከውጭ መስታወቱ ይጠብቀዋል፤ ከውስጥ ግን የሚጠብቀው ነገር የለም። "ውሃ ከነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል" አሉኝ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ሰጡኝ፤ በየሰኞው፣ ከውጭ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ካልነገርኩ የእኔ ቅናት የእብድ ቅናት ይመስላል። እናታችን አዲስ አበባ የኑግ ዘይት በጠርሙስ እየሞላች ትሸጥ ነበር። ጠርሙሱ ከቆራሌ ነው የሚገዛው፣ የአረቄም የመድኃኒትም የምንም ሊሆን ይችላል። የሚያጥበው ማን ነው? እኔ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እቤት የቀረሁት ለዚህ ነው። ትኩስ ውሃ፣ አንድ እፍኝ አሸዋ፣ ከዚያ መናጥ ነው፣ ቻክ ቻክ ቻክ፣ ክንድሽ እስኪዝል። እህቴ በአራት ዓመት ታንሰኛለች፤ ነጭ ካልሲ አድርጋ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንጣለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ጠርሙስ የእኔ ነው። እሷ ደብተር አላት፣ እኔ ጠርሙስ አለኝ፤ እንዲህ ነበር በሆዴ የተከፋፈልነው።

እንግሊዝኛም ቢሆን ማንበብ የተማርኩት በእማማ ጠርሙሶች ነው። እያንዳንዷን ስወለውል ፊደሏን አንድ በአንድ እላለሁ፤ እማማ ከወንበራቸው ሆነው ያርሙኛል። ብዙው ላቲን እንደሆነ ያወቅኩት ኋላ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የተጻፈውን ሳላውቅ የጽጌረዳ ውሃ በላቲን ምን እንደሚባል አውቅ ነበር። እማማ ይስቃሉ። "አንቺን ባለቤቴ ቢያይሽ ኖሮ ሥራ ይቀጥርሽ ነበር" ይሉኛል። ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ሁለቱን ትልልቆች እያዩ "እኔ ስሄድ እነዚህን ማን ይወስዳቸው ይሆን?" አሉ። እኔ በሆዴ ወሰድኳቸው። የት እንደማስቀምጣቸው እንኳ መርጬ ነበር፤ አንዱን ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንዱን ከመስኮቱ አጠገብ።

እንዲህ እያለ እህቴ መጣች። ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፤ ሌይኦፍ ተደረገች። ሥራ እስክታገኝ እኔ ዘንድ ትሁን ተባለ። በዚያው ሰሞን እኔ የነርስ ረዳት ላይሰንስ ለማውጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ክላስ ጀመርኩ። ታዲያ ቅዳሜን ማን ይሸፍንልኝ? እኔው ራሴ ነኝ "እህቴ ትምጣ" ያልኩት። እጄን ይዞ ያስገደደኝ የለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከክላስ ስመለስ እየሳቀች ጠበቀችኝ።

"እሷ እኮ ቀልደኛ ናት፣ እትዬ።"

"ማን ናት?"

"አሮጊቷ ናታ።"

"እሳቸው በይ።"

"ራሷ ናት በስሜ ጥሪኝ ያለችኝ።"

"እሳቸው አሜሪካዊ ናቸው፣ የፈለጉትን ይበሉ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የዘይት ነጋዴዋ" አለችና ጉንጬን ስማኝ ወደ ሻወር ገባች። በእሷ ላይ ተቆጥቶ መቆየት አይቻልም፣ ይህም ያናድደኛል።

ሰኞ ስሄድ እማማ ስለ እሷ ብቻ ያወራሉ። መጽሐፍ አነበበችላቸው። ያደገችበትን ሰፈር ነገረቻቸው። "ስለ እናታችሁ ዘይት ነገረችኝ፤ ሁለታችሁ ጠርሙስ በአሸዋ ስታጥቡ!" አሉኝ። ሁለታችሁ? ብዙ ቁጥር ነው ይሄ። ስንቷን ጠርሙስ አጥባ ነው? ያን ታሪክ እኔ ለአንድ ጥሩ ቀን አስቀምጬው ነበር፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እንዲሰሙኝ። ወሰደችው፣ ያውም በጥሩ እንግሊዝኛ።

በሦስተኛው ሰኞ የባሰ ነገር አየሁ። ጠርሙሶቹ ቦታቸው ላይ የሉም። እኔ በቁመትና በቀለም ነበር የደረደርኳቸው፤ ሰማያዊው ከነጩ አጠገብ፣ ትንሿ ከትልቋ ፊት፣ ዓይን እንዲያርፍበት አድርጌ። እህቴ በኤ ቢ ሲ ደርድራቸው ሄዳለች። ኤ ከላይ፣ ዜድ ከታች። ረጅሙ ከአጭሩ፣ ቡናማው ከሰማያዊው ተደባልቆ፣ የገበያ ጉሊት መስሎ።

"ልመልሳቸው?" አልኳቸው።

"ተይው፣ ያምራል" አሉ እማማ። "መድኃኒት ቤቱም እንዲህ ነበር። ባለቤቴ እንዲህ ነበር የሚያስቀምጠው።"

ብሩሼን ይዤ ከኤ ጀመርኩ። ያን ቀን ፊደል ጮክ ብዬ አላነበብኩም። እማማም ለምን አላሉኝም። ምናልባት ልብ አላሉም፤ እኔ ግን ለምን እንዲሉኝ እየጠበቅኩ እስከ ዜድ ደረስኩ።

በክላስም ቢሆን ልቤ ኤል ሴሪቶ ነው። አስተማሪዋ አንድ ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ "ይህን የሚያውቅ አለ?" አለች። ከክፍሉ ሁሉ እኔ ብቻ ነኝ ያወቅኩት፣ ከጠርሙስ ነው የማውቀው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእማማ እስክነግር አልተኛም። አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ "እህትሽስ ይህን ታውቀው ይሆን?" የሚሉኝ መሰለኝ። ቅናት እንዲህ ነው፣ የራስሽን ደስታ እንኳ ከእጅሽ ይቀማሻል።

ሦስት ወር ሊሞላ ሲል እህቴ ሳን ሆዜ ሌላ ሥራ አገኘች። የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ። እኔ ከክላስ ቀድሜ ገብቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። በሩ ተከፈተ። እህቴ በእማማ ሹራብ የተጠቀለለ ነገር ሕፃን እንደያዘች አቅፋ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ዘንባባው፣ እባቡ፣ የወርቁ ጥብጣብ።

"ስጦታ ሰጠችኝ" አለች። "አልቀበልም ብላት እምቢ አለች። አንቺ ስለምትሄጂ ነው፣ እህትሽማ በየቀኑ እዚሁ ታያቸዋለች አለችኝ።"

ይህን ምክንያት ዛሬ ሳስበው ትክክል ነው። ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልገባኝም። ዓይኔ የሚያየው ከመስኮቱ አጠገብ የቆመውን ጠርሙሴን ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሳን ሆዜ ሲሄድ።

እህቴ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። "የሆነ የድሮ ነገር ይሸታል። ሽሮ ላስቀምጥበት ነው የማስበው፣ ያምራል አይደል? ስለ አያያዙ እህትሽን ጠይቂ፣ እሷ ሁሉንም ታውቃለች ብላኛለች። ምን ይደረጋል ለዚህ፣ እትዬ?"

ቢላዋው እጄ ላይ ነው። ዓይኔ በሽንኩርቱ ያለቅሳል፣ ለዚህ ተመቸኝ።

"ያው ጠርሙስ ነው" አልኳት።

"በቃ?"

ቀና አላልኩም። ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው። "ቁጭ በይ አንቺ፤ ወጡንም እኔ እሠራዋለሁ። ልጅነትሽን በጠርሙስ ማጠብ ነው የጨረስሽው፣ ይቺን ደግሞ እኔ አጥባታለሁ" አለችኝ፤ ትከሻዬን ይዛ ከወጥ ቤት አስወጣችኝ።

ሶፋው ላይ ተቀምጬ የታጠበ ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ። የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ይሰማኛል። የጠርሙሱ አፍ እጅ ከአንጓ በላይ አያስገባም፣ ስለዚህ በስፖንጅ እንደማይሆንላት አውቃለሁ፤ ምን እንደምታደርግም አውቃለሁ። አሸዋ የለንም፣ ሩዝ ግን አለን። ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ቻክ ቻክ ቻክ።

ከሶፋው እስከ ወጥ ቤቱ ስምንት እርምጃ አይሆንም። ተነሽ አልኩ ለራሴ። ይህቺን ፎጣ አጥፌ ልነሳ አልኩ። አጠፍኳት። ሌላዋን አነሳሁ። እህቴ እየናጠች ታንጎራጉራለች፤ ልክ እናታችን እንዳስተማረችኝ ነው የምትንጠው፣ ሦስት ወደ ላይ፣ አንድ ዙር። ደጃፍ ላይ ስንጥ ታየኝ ነበር ማለት ነው። ስድስት ፎጣ አጠፍኩ።

ከዚያ ማንጎራጎሩ ቆመ።

"እትዬ" አለች። አልጮኸችም። ስገባ የእቃ ማጠቢያው ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል፣ በላዩ ወርቅ እንደ ቅርፊት ተንሳፍፏል። ሩዙ ወርቅ ለብሷል። ጣቶቿ ወርቅ ለብሰዋል። ጠርሙሱ ግን የውሃ ጠርሙስ ሆኗል፤ ከአንገቱ ሥር ብቻ የክር ያህል የወርቅ መስመር ቀርቶታል።

"ተላጠ" አለች። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ወደ ላይ አነሳችው፣ የት እንደሄደ እንደምትፈልግ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ታውቂ ነበር?"

"በምን አውቃለሁ?" አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ሩዙን በማጥለያ አጠለለችው፣ ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች እዚያው ተወችው። በኋላ ወጡን ሠራች። በላን። ጨው በዝቶበት ነበር።

ሰኞን የጠበቅኩት በፍርሃት ነው። እማማ ሲጠይቁ ምን እላለሁ? "እህትሽን አልነገርሻትም?" ቢሉኝስ? ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የማውቀውን ነገር። ሰኞ ምንም አላሉም። ማክሰኞም። ረቡዕ ብሩሼን ይዤ ኤም ላይ ስደርስ እማማ ስልኩን አንስተው እቤቴ ደወሉ፣ እህቴን ደህና ሁኚ ሊሏት። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። የምሰማው የእሳቸውን ወገን ብቻ ነው።

"ደርሶ ተቀመጠ ጠርሙሱ?" አሉ። ከዚያ አዳመጡ። "ኦ" አሉ። "ኦ፣ የኔ ልጅ።" እንደገና አዳመጡ። "አይ፣ አይ። አታልቅሺ። ዕቃ ነው።"

ስልኩን አስቀመጡ። ብልቃጧ እጄ ላይ ተጣብቃ ቀረች።

"እህትሽ አጥባዋለች" አሉኝ እማማ። "እህቴ እንዳላጥበው ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት አለች። ልጅ ናት። አንቺ ደግሞ አልነገርሽኝም፣ እህትሽ እንዳትወቀስብሽ ነዋ።" እጄን ሳብ አድርገው መታ መታ አደረጉት። "በይ ያቺን ሌላዋን አውርጂያት። ያንቺ ናት። አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ከወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳት። ምን ልል እችል ነበር? ብዙ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ ይዤ እስከ ኦክላንድ ሄድኩ። ከአጠገቤ የተቀመጠች ሴት "እንዴት ታምራለች" አለችኝ፤ "አመሰግናለሁ" አልኳት፣ እኔ የሳልኳት ይመስል። ስንት ጊዜ በሆዴ ካስቀመጥኳት መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። እህቴ ሻንጣዋን እየዘጋች ቀና ብላ አየቻት።

"አማረች" አለች። ከዚያ ዚፑን ሳበችው።

እሑድ ሳን ሆዜ ሄደች። ወር አለፈ፣ አምስት ወር አለፈ። በስልክ እናወራለን፤ ስለ ሺፍቷ፣ ስለ ላይሰንሴ፣ ስለ እናታችን ጉልበት። ስለ ጠርሙስ አናወራም። እኔም መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ተውኩ፤ መጋረጃውን ለመክፈት ስሄድ እንኳ እባቡን ላለማየት ወደ ጎን እዞራለሁ። ለካ የተመኘሁትን ነገር ሰው በውሸት ከሰጠኝ፣ ያም ሰው የበደልኩት ከሆነ፣ እቃው ቤት ውስጥ ይተነፍሳል።

አንድ ቅዳሜ በሹራብ ጠቀለልኳትና በባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ወረድኩ። እህቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየሁት ከምድጃው አጠገብ የቆመውን ጠርሙሷን ነው። ሽሮ ሞልታበታለች። አንገቱ ላይ ያቺ የወርቅ ክር አለች።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደማውቅ፣ ሽንኩርቱን፣ ፎጣዎቹን፣ ሁሉንም። አቋርጣኝ አታውቅም፣ ያን ቀንም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፦

"አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያው ቀን። አንቺ ስለ ጠርሙስ ከተጠየቅሽ እራት እስኪደርስ ነው የምታወሪው፣ እትዬ። ያን ቀን ሦስት ቃል ብቻ ተናገርሽ። ኋላ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ለሳቸው ዋሸሽልኝ?"

ትከሻዋን ሰበቀች። "እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሄድኩት። አንቺ ግን በየቀኑ ነው የምትሄጂው።"

ሹራቡን ፈትቼ ጠርሙሷን ወደ እሷ ገፋሁላት። ያንቺ ናት፣ ውሰጂያት አልኳት። አየቻት፣ በጣቷ እባቡን ከውጭ ተከተለችው፣ መልሳ በሹራቡ ጠቀለለቻት።

"ይዘሻት ተመለሽ" አለች። "እሳቸው አንድ ቀን ቤትሽ መጥተው ቢያጧት ምን ትያቸዋለሽ?"

ከዚያ ተነሳች። ከጠርሙሷ ሽሮ በማንኪያ አወጣች፣ ድስት ጣደች፣ አብረን በላን። ሲመሽ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጠርሙሷን እሷ ይዛልኝ ቆመች።